የሲትስኬ ሁለተኛ ኬክ

ሲትስኬ ዊርስማ የከብት አርቢ ልጅ ናት። ያደገችው ፍሪስላንድ በሚባል ክፍለ ሀገር፣ ውሃው ዘወትር በቦይ እየተጠነፈፈ በሚወጣበት ረግረጋማ መስክ ላይ ነው። ግሮኒንገን ከተማ ከመጣች በኋላ ግን ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ አንድ ቦታ ቆማ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዙ ሞለኪውሎች ስትሠራ ኖረች። እኔ የሕንፃው ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ጠርሙሱንም ጓንቱንም የምትወስደው ከእኔ ስለነበር ነገሩን በቅርብ አውቀዋለሁ።

ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው የሚያበሩ ሞለኪውሎች አሉ፤ የብዙ ስልኮች ገጽ የሚበራው በእነሱ ነው። የፀሐይ ነጸብራቅ እንዳያስቸግር ገጹ ላይ የሚለጠፈው ማጣሪያ ግን ከሚወጣው ብርሃን ግማሹን ይበላዋል። ብርሃኑ ከመነሻው እንደ ብሎን ጥርስ እየተጠማዘዘ ቢወጣ ማጣሪያው ያሳልፈው ነበር። ለዚህ ደግሞ ሞለኪውሉ ራሱ የተጠማዘዘ መሆን አለበት። ችግሩ፣ ሲሠራ መንታ ሆኖ መምጣቱ ነው፤ እንደ ግራና ቀኝ ጓንት። መንታዎቹን መለያየት የሳምንታት ሥራ ነው። ግራው ብርሃኑን ወደ ግራ ካጠማዘዘ፣ ቀኙ በዚያው ልክ ወደ ቀኝ ማጠማዘዝ አለበት። ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ካሉ የታየው የሞለኪውሉ ሥራ አይደለም፤ ሌላ ነገር አታሏል።

ጡረታዋ ሐምሌ ላይ ነበር። ከባሏ ጋር የሚጠግኗት አሮጌ ጀልባ ነበረቻቸው። የብርዱ ወራት ሳይወጣ የላቦራቶሪው አለቃ ራይንደር ናውታ ጠራትና፣ «የሚታይ ነገር ካለሽ ለቦታሽ ተተኪ እቀጥራለሁ። ከሌለሽ ሥራው ካንቺ ጋር ያበቃል፤ ቦታውን ለባትሪ ሠሪዎቹ እሰጣለሁ» አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ማለዘብ አይወድም እንጂ።

መጋቢት ላይ ግራው መንታ ተለካ። ብርሃኑ ወደ ግራ ተጠማዝዞ ወጣ፤ ያን ያህል መጠማዘዝ በዚያ ቤት ታይቶ አያውቅም። እዚያ አገር ደስታ የገጠመው ሰው ራሱ ኬክ ገዝቶ ያበላል፤ ሌላ ሰው አይደግስለትም። ሲትስኬም በማግስቱ የፖም ኬክ ይዛ መጣች።

«ቀኙስ?» አላት የመለኪያ ክፍሉ ሠራተኛ ሃርም ቦልሃውስ፣ ቢላዋውን እንደያዘ።

«ገና ተለይቶ አላለቀም።»

«ታዲያ ኬኩን ምን አስቸኮለው?»

«ካልፈለግክ ድርሻህን ለራይንደር እሰጠዋለሁ።»

«እበላለሁ እንጂ። ኬኩ ምን አጠፋ?»

ራይንደርም በላ። በዚያው ሳምንት የተተኪውን የሥራ ማስታወቂያ አወጣ።

ቀኙ መንታ ሚያዝያ ላይ ተለየ። ሃርም መብራቱን አጥፍቶ ለካው።

«ወደ ግራ ነው» አለ።

«ጠርሙሶቹን አቀያይሬ ይሆናል።»

«አንቺ? አንቺስ አታቀያይሪም።»

«የተቀባበትን መስታወት ሩብ ዙር አዙረው» አለችው ሲትስኬ።

አዞረው። አሁን ብርሃኑ ወደ ቀኝ ሆነ።

«ይኼ ሞለኪውል አይደለም» አለ ሃርም፤ «የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለው፣ ነፋሱ ወደነፈሰበት የሚዞረው የብረት ዶሮ ነው።»

ምክንያቱ ወዲያው ገባት። ሞለኪውሉን መስታወቱ ላይ ስትቀባ በምላጭ ወደ አንድ አቅጣጫ እየጎተተች ነበር፤ እንዲያ ሲቀባ ልስልስ ብሎ ያምራል። ሞለኪውሎቹ እንደተበጠረ ፀጉር ወደ አንድ ወገን ተኝተው መሣሪያውን አታለሉት።

«የምናውቀው እኔና አንቺ ነን» አላት ሃርም። «እስከ ሐምሌ ማንም አይለካውም። ተተኪሽ ይቀጠርና እሱ ይድረስበት።»

«እሱ ሲደርስበት እኔ ጀልባ ላይ ነኝ።»

«ጀልባ ላይ ነሽ።»

«ጀልባዬ ጠባብ ናት፣ ሃርም። ይኼን የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም።»

በማግስቱ በዝናብ፣ በብስክሌቷ፣ ከዚያው ዳቦ ቤት ሌላ የፖም ኬክ ይዛ መጣች። ካርቶኑ ርሷል። ሰዎቹ ምሳቸውን፣ አይብ በዳቦ ከአሬራ ጋር፣ እየበሉ ነበር።

«ደግሞ ምን ተገኘ?» አለ ራይንደር።

«ምንም። ያለፈውን ኬክ በስሕተት ነው የበላችሁት። ሁለቱም መንታዎች ወደ ግራ ናቸው። የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።»

ራይንደር ወደ ረጠበው ካርቶን አመለከተ።

«ታዲያ ይኼኛው የምንድን ነው?»

«የእርማት።»

«ተሳስቶ ኬክ የሚያበላ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«የፊተኛውን መልሱ ልላችሁ አልችልማ።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱንም በሌላ መንገድ ቀባቻቸው፤ ሃርም መስታወቶቹን እያዞረ ለካቸው። ግራው ወደ ግራ፣ ቀኙ ወደ ቀኝ፣ እኩል ለእኩል ወጡ። እውነተኛ ነበር፤ መጠኑ ግን ከፊተኛው አጠገብ የሚቆም አልነበረም።

«ትክክል ነው» አለ ራይንደር ወረቀቱን አይቶ። «ትንሽ ነው እንጂ። በዚህ ሰው መቅጠር አልችልም።»

«አውቃለሁ» አለችው።

ማስታወቂያው ተነሣ። ሐምሌ ላይ ባትሪ ሠሪዎቹ ዕቃቸውን ይዘው ገቡ። ሁለቱን ጠርሙሶች፣ ግራና ቀኝ ብላ የጻፈችባቸውን፣ እኔ ዘንድ ቀዝቃዛው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ላቦራቶሪ አንድ ሰው በውጤት ተደስቶ ኬክ ይዞ ሲመጣ፣ ሃርም ቢላዋ ከማንሣቱ በፊት «ቀኙንም ለክተሃል?» ይላል። ካልተለካ ኬኩ ማቀዝቀዣ ይገባል። ደርቆ የበላንበት ጊዜ አለ፤ ጭራሽ ሳይበላ የተጣለም አለ።