ጉዳዩ፦ እንዳልቀሰቀስ ስለመጠየቅ

“ልቀቂኝ አልኩሽ!”

“አልለቅም። መጀመሪያ ተነስተህ ተቀመጥ።”

“ነቅቻለሁ እኮ! ይኸው እያወራሁሽ!”

“ከትናንት ወዲያም እንዲሁ ብለህ ተመልሰህ ገባህበት።”

እህቴ የቀኝ እግሬን አውራ ጣት ጨብጣ ግርጌዬ ቆማለች። ነጭ ጋውኗን ለብሳለች፣ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባምቢስ አካባቢ ካለው ፋርማሲ ደርሳ የጠዋቷን ልጅ መተካት አለባት። እኔ ለገሃር አጠገብ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ስድስት ሰዓት ላይ ወጥቼ፣ ምሳዬን በልቼ፣ መጋረጃ ዘግቼ በጀርባዬ ተኝቼ ነበር። ተኝቼ ነበር ማለትም ልክ አይደለም። ሰውነቴ ተኝቷል፤ እኔ ግን አልተኛሁም። እዚህ ለመድረስ አራት ወር ፈጅቶብኛል። እሷ አንድ ጣት ጎትታ አፈረሰችው።

“ምን ያህል ቀርቤ እንደነበር ታውቂያለሽ?”

“አላውቅም። ማቃሰትህን ግን ውጭ ቧንቧው ጋ ሆኜ ሰምቻለሁ። የአከራያችን ልጅ ‘ወንድምሽን አሞታል እንዴ?’ አለችኝ።”

ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ሁላችንም “እንቅልፍ ወሰደኝ” እንላለን። እኔ መወሰድ አልፈለግኩም፤ በእግሬ መሄድ ነው የፈለግኩት። ሰውነቴ ሲተኛ አእምሮዬ እንደነቃ ሕልሙ ውስጥ ከገባሁ፣ ሕልም መሆኑን እያወቅኩ የፈለግኩበት መሄድ እችላለሁ።

ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ዘዴ ሁሉ ሞክሬያለሁ። መጀመሪያ ክርንን ፍራሹ ላይ አስደግፎ ክንድን ማቆም ነው፤ እንቅልፍ ሊወስድህ ሲል ክንድህ ይወድቅና ያባንንሃል፣ መልሰህ ታቆመዋለህ። የእኔ ክንድ አፍንጫዬ ላይ ወደቀ። ቀጥሎ መቁጠር ሞከርኩ። “አንድ፣ እያለምኩ ነው። ሁለት፣ እያለምኩ ነው።” ሦስት መቶ ምናምን ስደርስ የደንበኛ ፎቶ ኮፒ እየቆጠርኩ ራሴን አገኘሁት። ለአምስት ሰዓት ያህል ተኝቶ በደወል መነሳት፣ ትንሽ ቆይቶ መልሶ መተኛት የሚባልም አለ። እሱን ሁለት ሌሊት ሞከርኩት፤ በሦስተኛው እህቴ ስልኬን ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ከተተችው። ደግነቱ ሳፋው ደረቅ ነበር።

የሠራልኝ የጣት ዘዴው ነው። አመልካች ጣትና መሀል ጣትን በየተራ፣ ኪቦርድ ላይ እንደሚጽፍ ሰው፣ ግን በጣም በቀስታ፣ ከውጭ የሚያይ ሰው እንዳያስተውለው አድርጎ ማንቀሳቀስ። ሐሳብ እነሱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ሰውነት ከሥር ይሰምጣል። ቢያሳክክህ አታክም። ምራቅህን መዋጥ ብትፈልግ አትውጥም። ከዓይን ቆብ ጀርባ ቀለም ይመጣል፣ ከዚያ ጆሮ ውስጥ ጄኔሬተር እንደተነሳ ዓይነት ድምፅ፣ ከዚያ ክብደት። ደረት ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስላል፣ እጅና እግር አይታዘዝም። ስልኬ ላይ ያሉት ሰዎች “ይሄ በሩ ነው፤ አትፍራ፣ ጠብቅ” ይላሉ።

በእኛ ቤት ግን ይሄ ነገር ዱካክ ይባላል። ዱካክ የተጫነው ሰው ሲያቃስት የሰማ ዝም አይልም። ይህን ያስተማረን አባዬ ነው። ትከሻ መነቅነቅ ያስደነግጣል፤ የእግሩን አውራ ጣት ይዘህ ጎትት፤ ሲነቃ ውሃ ስጠው፤ ተነስቶ ሳይቀመጥ አትልቀቀው፣ ተመልሶ ይጫነዋል። ልጆች ሆነን እኔና እህቴ እየተሳሳቅን ስንለማመደው ነው ያደግነው።

ለዚህ ነው ማመልከቻ የጻፍኩላት። ሥራዬ እሱ ነው፤ ለወረዳ፣ ለፍርድ ቤት፣ ለትምህርት ቤት ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ለሷም በደንቡ ጻፍኩ። “ጉዳዩ፦ እንዳልቀሰቀስ ስለመጠየቅ። አመልካች ከቀኑ ስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በማደርገው ልምምድ ወቅት የማሰማው ድምፅ የልምምዱ አካል ስለሆነ፣ ሰምተው እንዳልሰሙ እንዲያልፉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።” አትሜ ከራስጌዬ ለጠፍኩት። በማግስቱ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ “አልተፈቀደም” ተብሎበት፣ ተፈርሞበት አገኘሁት። ትራሴን ሳነሳ ደግሞ የሽንኩርት መክተፊያው ቢላ ተቀምጧል። ዱካክ ብረት ይፈራል ይባላል። ይህን ያደረገችው የሁለት መደርደሪያ መድኃኒት ከነመጠኑ በቃሏ የምታውቅ ሴት ናት።

“አንቺ እኮ ተምረሽዋል” አልኳት አሁን፣ እግሬን ለማስለቀቅ እየታገልኩ። “ጡንቻ ነው የሚታሰረው። ሁለት ደቂቃ። ማንንም አይገድልም።”

“ተምሬዋለሁ። አሁን ተቀመጥ።”

ለሷ የነገርኳት ለግጥም ነው ብዬ ነው። ውሸት አይደለም፣ ግን እውነቱ እሱ አይደለም። እኔ መግባት የምፈልገው ካዛንቺስ ያለው ቤታችን ነው። ያለው አልኩ፤ የለም፣ ፈርሷል። ወደ ኡራኤል በታክሲ ሳልፍ በመስኮት አያለሁ፤ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል፣ መንገዱም ሌላ ሆኗል፣ የእኛ በር የቱ ጋ እንደነበር ማወቅ አቅቶኛል። በሕልሜ ግን ስንቴ ሄጃለሁ። ሁልጊዜ እንደ ጅል ነው የምሄደው። ጫማዬን እፈልጋለሁ፣ ወይ ባልዲ ይዤ ውሃ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። የአባዬ ክፍል መጋረጃ እዚያው አጠገቤ ነው፣ ሰማያዊው፣ ታችኛው ጫፉ የተተረተረው። አንድም ቀን ገልጬው አልገባሁም። ሕልም መሆኑን ባውቅ እገባ ነበር። የምፈልገው ይህን ብቻ ነው፤ መጋረጃውን ገልጬ፣ ገብቼ፣ የአባዬን አውራ ጣት መጎተት።

ቤቱ ከመፍረሱ አንድ ዓመት በፊት፣ ከምሳ በኋላ፣ አባዬ ጋደም ልበል ብሎ ገባ። እኔ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ደብተሬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ሲያቃስት ሰማሁት። ምን እንደሆነም፣ ምን እንደሚደረግም አውቃለሁ። ግን ቀኑን ሙሉ ቤት አልመታ ያለኝ ስንኝ ያኔ መምጣት ጀምሮ ነበር። ይቺን ልጨርስና አልኩ። ስጨርስ ድምፁ ቆሟል። ደስ አለኝ፤ ራሱ ለቀቀው ብዬ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ እህቴ ከሥራ መጣችና ልትቀሰቅሰው ገባች።

ልብ ነው አሉ። ሰው ሲጠይቀኝ “እኔም ተኝቼ ነበር” አልኩ። ስንኙ ጥሩ ነበር። እስካሁን ደብተሬ ውስጥ አለ።

ተነስቼ ተቀመጥኩ። ውሃውን በግራ እጇ ዘረጋችልኝ፣ በቀኟ አሁንም ጣቴን ይዛለች።

“መጋረጃው እየመጣልኝ ነበር” አልኩ። “ጨርቁን አይቼዋለሁ! ስሚኝ፣ አንድ ቀን ብቻ። አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ሰዓት ያዢ። አስር ደቂቃ።”

“ካልተነሳህስ?”

“እነሳለኋ!”

“ለግጥም ብለህ።”

“ለግጥም አይደለም!”

“ታዲያ ለምንድነው፣ ጋሼ ገጣሚ? እስቲ በማመልከቻ አስረዳኝ።”

“ሙድ አትያዢብኝ።”

“ሙድ አልያዝኩም።” ድምፅዋ ዝቅ አለ። “ስማ፣ እኔ ሰው ሲያቃስት ሰምቼ ቁጭ አልልም። በቃ። አትለምነኝ። ያን ቀን ቤት ብሆን ኖሮ...”

ሁልጊዜ እዚህ ላይ ታቆማለች። በተዝካሩም እዚህ ላይ ነው ያቆመችው፣ በየበዓሉም እዚህ ላይ። እኔም ሁልጊዜ ወለሉን አያለሁ። ዛሬ ግን ተናድጄ ነበር፤ የአራት ወር ልፋቴ ነው የተበላሸው። አፌ ቀደመኝ።

“እኔ ነበርኩ።”

“አውቃለሁ፣ ነበርክ። ተኝተህ ነበር። አንተን ማን ምን አለህ?”

“አልተኛሁም ነበር።”

ውጭ ሰው ባልዲ እየሞላ ነው፤ ውሃው ሲወርድ ይሰማል።

“ሰምተኸዋል?” አለች።

“ሰምቼዋለሁ።”

“ምን ያህል?”

“ማለቴ... ብዙ አይደለም።”

“ምን ያህል አልኩህ።”

“አንድ ስንኝ እስክጨርስ።”

ጣቴን ለቀቀችው። ብርጭቆውን በርጩማው ላይ አስቀመጠች፣ ውሃው ትንሽ ፈሰሰ፣ በጋውኗ ጫፍ ጠረገችው። እስክትጮህብኝ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር። ራስጌዬ ወደተለጠፈው ማመልከቻ ቀና ብላ አየች፣ እንደማታውቀው ነገር። ከዚያ ጃንጥላዋን ከሚስማሩ ላይ አነሳች።

“ቆይ” አልኳት። “እቴቴ፣ ቆይ።”

የዚህ የኪራይ ቤት በር ወደ ታች ስለወረደ ትንሽ ከፍ ካልተደረገ አይገጥምም። ሁልጊዜ ስትቸኩል ትታው ትሄዳለች፣ እኔ ነኝ ተነስቼ የምዘጋው። ዛሬ ጃንጥላዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ፣ ከውጭ ገጥማ ዘጋችው።