ጉባኤን ከአንሶላ የሚያነቡት እትዬ ጽጌ

እትዬ ጽጌማርያም የዓለምን ፖለቲካ የሚከታተሉት በአንሶላ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዕድሜያቸውን የጨረሱት መሀል ከተማ ባለ አንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው፤ መጨረሻ ላይ የክፍሉ ኃላፊም ሆነው ነበር። የአፍሪካ መሪዎች በየዓመቱ የካቲት ላይ ሲመጡ ሌላው ሰው በቴሌቪዥን ቀይ ምንጣፍ ያያል። እሳቸው ደግሞ የትኛው ልዑክ ስንት ክፍል እንደያዘ፣ ማን ቀድሞ እንደሄደ፣ የማን አንሶላ ሳይነካ እንደቀረ ያውቁ ነበር። አንሶላው ካልተነካ ሰውየው አላደረም፤ ካላደረ ደግሞ ተጣልተዋል። ፖለቲካቸው ይኸው ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

እኔ ኤቢሴ እባላለሁ። ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከእትዬ ጽጌ ጋር አጥር እንጋራለን። ይህን የምጽፈው ስለምወዳቸው ይሁን ስላበገኑኝ እንጃ፤ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ጡረታ ሲወጡ ከወር ጡረታቸው ሌላ ሆቴሉ ያጠራቀመላቸውን የፕሮቪደንት ፈንድ ገንዘብ አንድ ላይ ተቀበሉና የባንክ አክሲዮን ገዙበት። የወሩ ብር አስቤዛቸውን ይሸፍናል። የአክሲዮኑ የዓመት ትርፍ ደግሞ የሁለት ክፍል ቤታቸውን ኪራይ ይከፍላል። አክሲዮኑ ከሌለ ቤቱ የለም፣ ቤቱ ከሌለ ደግሞ ሐዋሳ ነው። ሐዋሳ ልጃቸው የኔሰው አለ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ሚስቱም ጥሩ ሴት ናት፤ ግን በደወለ ቁጥር "እማዬ፣ ክፍልሽ ተዘጋጅቷል" ማለት አይታክተውም። እትዬ ጽጌ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል። "ዕድሜ ልኬን የሰው አንሶላ ሳጥብ ኖሬ በስተርጅና በሰው አንሶላ ልተኛ?" ይላሉ። "የልጅ ቤት የሰው ቤት ነው እንዴ?" ስላቸው ይኮሳተሩና ወሬ ይቀይራሉ።

ስብሰባ በመጣ ቁጥር ገንዘባቸውን ከቦታ ቦታ የማዛወር አመል የያዛቸው በአጋጣሚ ነው። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ ከባሕር ማዶ የመጡ የአበዳሪ ድርጅት ሰዎች ሆቴሉ ውስጥ ቆይታቸውን አራዘሙ። ወሬውን ያቀበለቻቸው አጸደ ናት፤ እሳቸው ሥራ ያስለመዷት፣ አሁንም እዚያው ማጠቢያ ክፍል ያለች ሴት። "እትዬ፣ ይሄዳሉ ስንል ሸሚዛቸውን እንደገና ለእጥበት ላኩ" አለቻቸው። እትዬ ጽጌም "ሸሚዙን አሳጥቦ የሚቀመጥ ሰው ብድር ሳይፈራረም አይሄድም፤ የብር ዋጋ ሊወርድ ነው" ብለው ቁጠባቸውን አወጡና ቆርቆሮ ገዙበት። ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ብር ወረደ፣ ቆርቆሮ ተወደደ፣ እሳቸውም ሸጠው አክሲዮን ጨመሩበት። ከዚያ ወዲህ ማን ይቻላቸው! የዕድራችን ሰዎች ለለቅሶ በተቀመጡበት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ጠጋ ብለው "እትዬ፣ ዘንድሮ ጉባኤው እንዴት ነው? ሲሚንቶ ልግዛ ወይስ ልቆይ?" ይሏቸው ጀመር። አንዴ የተሳካለትን ሰው ዕድል ነው ብትሉት ቀናችሁበት ማለት ነው፤ እኔም ብዬ ተኮርፌበታለሁ።

ዘንድሮ በጉባኤው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ነጠላቸው አንድ ጎኑ መሬት እየጠረገ ሱቄ ገቡ።

"ኤቢሴ፣ አለቀልኝ" አሉ።

"ምኑ ነው ያለቀው?"

"እነዚያ ሊታረቁ ነው ሲባል የነበሩት የሉም? ቀሩ።"

የአገሮቹን ስም ልተወው፣ ጠብ ውስጥ አልገባም። ብቻ ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው፤ ራዲዮ ሁሉ ጉባኤው ላይ ተገናኝተው ይነጋገራሉ እያለ ሲያወራላቸው ከርሟል።

"ለአንደኞቹ ስድስተኛ ፎቅ በሙሉ ተይዞላቸው ነበር" አሉ እትዬ ጽጌ። "አጸደን አሁን ጠየቅኳት። አንሶላው እንደተነጠፈ ነው፤ ማንም አላደረበትም። ካልመጡ ጦርነት ነው። ጦርነት ከሆነ ወደብ ይዘጋል፣ ዕቃ አይገባም፣ ነጋዴው ብድሩን አይከፍልም፣ ባንኩ ይወድቃል። የኔስ አክሲዮን? ባዶ ወረቀት!"

እንዲህ አንዱን ባንዱ ላይ ሲደረድሩት ያሳምናል፣ ምን ዋጋ አለው። ልስቅ አፌን ከከፈትኩ በኋላ ቆርቆሮው ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

ገዢም አዘጋጅተዋል። መርካቶ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ አብራር የሚባል ልጅ "ከሸጡ ለኔ ይሁን" ብሏቸው ነበርና ደውለውለታል። የሚቸኩል ሻጭ ዋጋ አይጠራም፤ እሱ ባለው ተስማምተዋል፤ ያለው ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። በማግስቱ ሰንጋ ተራ፣ ባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ሊፈራረሙ ተቀጣጠሩ።

"ከሸጡት በኋላ የቤት ኪራዩስ?" አልኳቸው።

"ከብሩ ላይ እየቆረስኩ እከፍላለሁ።"

"ሲያልቅስ?"

ፎቶ ኮፒ ማሽኔን በነጠላቸው ጫፍ ይወለውሉ ጀመር። "ሲያልቅማ ሐዋሳ ነው" አሉ ቆይተው። ያኔ ነው የከፋኝ። ሴትየዋ ጦርነቱን ፈርተው ከሁሉ በላይ የሚፈሩትን ነገር በገዛ እጃቸው ሊፈርሙበት ነው። ይህንኑ ልነግራቸው ስል ቀደሙኝ።

"ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ፤ ብቻዬን አልፈርምም" አሉኝ።

ዓርብ ቀን ሱቄን ዘግቼ! "አልሄድም" አልኩ። ሄድኩ።

ከ18 ማዞሪያ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ጦር ኃይሎችን አልፎ ልደታ ሲደርስ ረዳቱ "መጨረሻ! መንገድ ተዘግቷል፣ ውረዱ!" አለ። የከፈልነው እስከ ሜክሲኮ ነው ብዬ ተጨቃጨቅኩ፤ ለመሪዎቹ ንገሪያቸው አለኝ። ወርደን በእግር ቀጠልን። ሜክሲኮ ስንጠጋ ደግሞ ፖሊሶች እግረኛውንም አቆሙት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ ስለ ተዘጋው ሱቄ፣ ስለ ጉባኤው፣ ስለ አህጉሩ በሙሉ እያጉረመረምኩ ነው። እትዬ ጽጌ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ቆመዋል። ፊታቸው ልክ ለቅሶ እንደሚሄድ ሰው ነው።

ሞተረኞቹ አለፉ። ከኋላቸው ባንዲራ የሰቀሉ ጥቋቁር መኪኖች መጡ። ሆቴሉ ውስጥ እያንዳንዱ የልብስ ከረጢት ላይ የየአገሩ ባንዲራ ይለጠፍ ስለነበር እትዬ ጽጌ የአህጉሩን ባንዲራ በሙሉ ያውቃሉ፤ እያንዳንዱን ለራሳቸው በሹክሹክታ ይጠሩት ነበር። በድንገት ክንዴን ጨመደዱኝ።

"እነሱ ናቸው!"

"እነማን?"

"የቀሩት! አልቀሩም እኮ! ያው፣ ያው ባንዲራቸው! ከኋላቸው ያለውም ባላጋራቸው ነው!"

እኔ ባንዲራ አልለይም። ክንዴን ግን ያመመኝን ያህል አምኛቸዋለሁ። እዚያው ሰው መሀል ቆመው አጸደ ጋ ደወሉ፤ ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ክፍት አድርገው ነው የሚያወሩት፣ የቆመው ሕዝብ ሁሉ አብሮን ሰማ።

"አንቺ! ስድስተኛ ፎቅ ማንም የለም አላልሽኝም?"

"የለም እኮ እትዬ! ቦይለሩ ተበላሽቶ ሙቅ ውሃ ጠፋ። ሰዎቹ ተቆጥተው ሌላ ሆቴል ገቡ። ማናጀሩ አብዶልዎታል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንሶላው ተነክቷል ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ አልተነካም አልኩ። ለምን ብለው መች ጠየቁኝ?"

አጠገባችን የቆመ አንድ ጎልማሳ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቄ መጣ። እትዬ ጽጌ ግን የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። እየሳቁ መስሎኝ ጎንበስ ስል እንባቸው ነጠላቸውን አርሶታል። "በቦይለር ልሸጠው ነበር እኮ፣ ኤቢሴ" አሉኝ። "ቤቴን በቦይለር!"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እኔ በደስታ ጊዜ ማልቀስ አልወድም፤ ያን ቀን ግን ከልቤ አለቀስኩ። ከአጥሬ ማዶ የሳቸው ሳል የማይሰማበት ጠዋት ምን እንደሚመስል ከሐሙስ ጀምሮ ሳስበው ነው ያደርኩት።

አብራር ራሱ ደወለ። "እማማ፣ እኔም ጎማ ቁጠባ ጋ መንገድ ተዘግቶብኛል። ትንሽ ይታገሡኝ።"

"ተመለስ ልጄ" አሉት። "አልሸጥም። በማርያም፣ አንከራተትኩህ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።"

እሱም "አልሐምዱሊላህ!" አለ። "በርካሽ አገኘሁ ብዬ ለእናቴ ብነግራት 'የባልቴት ጡረታ ገዝተህ እቤቴ እንዳትገባ' ብላኝ ነበር። አሁን ምሳዬን እበላለሁ።"

ታክሲ ስላልነበረ እስከ ጦር ኃይሎች በእግራችን ተመለስን። ጉልበቴን አመመኝ የሚሉት ሴትዮ ከፊቴ ከፊቴ ይሄዳሉ። እዚያ አንድ ሚኒባስ አገኘንና ተጋፍተን ገባን። መንገድ ላይ፣ ሳልጠይቃቸው፣ ስለ ጉባኤ ሳምንት አወሩኝ። ያኔ፣ ሆቴል ሲሠሩ፣ ሠራተኛው ወደ ቤቱ አይለቀቅም ነበር፤ እንግዶቹ እስኪሄዱ ሁሉም እዚያው ያድራል። እሳቸው ምድር ቤት፣ ማድረቂያው አጠገብ፣ ካርቶን አንጥፈው ይተኛሉ። የኔሰው ሕፃን ሳለ ጎረቤት ጋ ያድር ነበር። "መሪዎቹ መጥተው እኔ ቤቴ አድሬ አላውቅም" አሉ። "ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ቢሆን ምኑን አደርኩት፤ ሌሊቱን ሙሉ ራዲዮ ላይ ተጥጄ ስለ ገንዘቤ ስጨነቅ ነው የሚነጋው።"

ሰፈር ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። በራቸውን ከፍተው ገቡና ነጠላቸውን ሳያወልቁ የኔሰው ጋ ደወሉ።

"ልጄ፣ ያንን ክፍል ለልጆቹ ስጣቸው፣ ይማሩበት" አሉት። "በዓል ሲሆን እመጣለሁ። በእንግድነት ነው የምመጣው። እኔ ቤት አለኝ።"

ሱቄን ከፍቼ የቆሙትን ደንበኞች ካስተናገድኩ በኋላ ምሳ እንዳልበሉ ትዝ ብሎኝ ሽሮ በሳህን ይዤ ተመለስኩ። ራዲዮው ስለ ጉባኤው ያወራል፤ ሁለቱ ጎረቤታሞች እጅ ለእጅ ተጨባብጠዋል አለ። እትዬ ጽጌ አልሰሙም። ጠራርገው ባነጠፉት በራሳቸው አልጋ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ። ሳህኑን ከድኜ አስቀመጥኩና ራዲዮውን አጠፋሁት።