እንደ በርበሬ የቀላው ማሳ

ሥራዬ ከሳተላይት በተነሳ ፎቶ የሰብል ሁኔታ መከታተል ነው። አንድ ቀን ከቢሮ በቀጥታ ጤፍ ልገዛ እህል በረንዳ ብሄድ፣ ደንበኛዬ ጋሼ ሸምሱ የያዝኩትን ጥቅል ወረቀት አዩ።

«ምንድነው እሱ?»

ጆንያው ላይ ዘረጋሁላቸው። «የእናንተ አገር ነው፣ ጉራጌ። እዚህ ፎቶ ላይ ለምለም ተክል ሁሉ ቀይ ሆኖ ነው የሚታየው።»

መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ። ቆይተው የመንደራቸውን ሰፊ የሣር ጎዳና፣ ጀፎሮውን፣ አገኙትና ፊታቸው በራ። ከጎኑ እንደ በርበሬ የቀላውን ቦታ በጣታቸው ነኩት።

«ይሄስ?»

«ጤፍ ነዋ! ዘንድሮ እንደሱ ያማረ የለም» አልኩ ኮራ ብዬ።

«ልጄ፣ ይሄ የኔ ማሳ ነው። ጤፉን ትቼ ባሕር ዛፍ ከተከልኩበት ስድስት ዓመት አለፈው።»

ያንን ማሳ «ያማረ ጤፍ» ያልኩበትን ሪፖርት ለቢሮ ያስገባሁት የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነበር።