ስሟን ያልነገርነው ሰው

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ማታ አልነበረም፤ ክረምት ገብቶ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ማንም በማይቸኩልበት ጠዋት ነበር። እናቴ እስራኤል ለመግባት ወደ ሱዳን ስንጓዝ መንገድ ላይ ስለቀረች ያሳደገችኝ የአባቴ እህት እቴቴ ብሬ ናት። የምንኖረው እስራኤል አገር፣ ፔታ ቲክቫ ከተማ ውስጥ፣ ማሃኔ የሁዳ ሰፈር፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። አባቴ ኪርያት አርዬ ከሚባለው ሰፈር ካለው ፋብሪካ ሌሊቱን ሠርቶ ጎህ ሲቀድ ይገባና በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ እኔና እቴቴ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በነጭ ጋዝ የሚነደው ማሞቂያ አጠገብ ኩርምት ብለን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጫወታለን። የማሞቂያው ሽታ እስከ ዛሬ ካፍንጫዬ አልጠፋም።

ያን ክረምት ወጥ ቤታችን እንግዳ ነገር ገብቶበት ነበር። ከበላያችን የምትኖረው ሩማንያዊት ባልቴት፣ ጌቨሬት ማለትም ወይዘሮ ክላራ፣ እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ረጅም እጀታ ያለው ከባድ ብረት ለእቴቴ ሰጥታ ዋፍል መጋገር አስተማረቻት። የጋራ ቋንቋ ስላልነበራቸው ትምህርቱ ሁሉ በእጅ ምልክት ነበር። እቴቴ ዱቄቱን በወተትና በእንቁላል አስኳል ትበጠብጣለች፣ የእንቁላሉን ነጭ ለብቻው አረፋ እስኪሆን በሹካ ትመታለች፣ ብረቱን ዘይት ቀብታ እሳት ላይ ታግለዋለች። ሊጡ ፈስሶ ብረቱ ሲከደን እንፋሎቱ በየጎኑ እየተንፎለፎለ ይወጣል፤ እንፋሎቱ ሲያባራ ዋፍሉ በስሏል ማለት ነው። ተረቱም የሚነገረው ያኔ፣ እንፋሎቱ እስኪያባራ ስንጠብቅ ነበር።

በሃኑካ በዓል ዕረፍት አንድ ቀን ዝናቡ መስኮቱን እየደበደበው፣ ሰማዩ ከመጥቆሩ የተነሳ ጠዋት አምፖል አብርተን ተቀምጠን ሳለ እቴቴ እንዲህ ብላ ጀመረች።

«አንዲት ዶሮ ነበረች። ጫጩቶቿን ሸለምጥማጥ በላባት። ዶሮዋ አላለቀሰችም። በማግስቱ ማልዳ ሄዳ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመችና...»

በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ካፖርቱ በዝናብ የራሰ ቀጭን ሰው፣ በፌስታል ብርቱካን ይዞ ቆሟል። አወቅሁት።

ደምሴ ነበር፤ ወደ ሱዳን ስንወርድ መንገድ የመራን ሰው። እናቴ ወባ ይዟት መራመድ ስላቃታት በበቅሎ ነበር የምትጓዘው። አንድ ንጋት ስንነቃ ደምሴም፣ በቅሎዋም፣ የውሃው ጀሪካንም የሉም። አባቴ እናቴን አዝሎ የቻለውን ያህል ተጓዘ፤ ከዚያ አንዲት ግራር ሥር ቀበርናት። አባቴ ከመቃብሯ ላይ አፈር ዘግኖ፣ «ይህን ሰው ካገኘሁት በእጄ ነው!» ብሎ ሲምል አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ።

«አባባን ልቀስቅሰው» አልኳት እቴቴን በጆሮዋ። ፈርቼ አይደለም። የአባቴ እጅ የሚያደርገውን ማየት ፈልጌ ነው።

እቴቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ይተኛ፤ እንዳትነኪው» አለችኝና ወደ ሰውየው ዞረች። «ይግቡ፤ ብርድ ነው።»

በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ብርቱካኑን የት እንደሚያኖረው ግራ ገብቶት ጭኑ ላይ አቀፈው።

«እመቤቴ፣ ለእርቅ ነው የመጣሁት» አለ። «የቤተ እስራኤል ቄሶቻችን ከሰው ለዩኝ። የበደልካቸውን ታርቀህ ና አሉኝ። ያን ሌሊት የወታደር ኮቴ የሰማሁ መሰለኝ። ፈራሁ፤ ነፍሴን ላድን ብዬ ነው።»

እቴቴ ዋፍሉን ከብረቱ አውጥታ ማር አፈሰሰችበትና ሰጠችው፤ አዲስ ሊጥ ጨምራ ብረቱን ከደነች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «የት ደርሰን ነበር?» አለችኝ።

«ዶሮዋ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ!» አልኩ፣ ዓይኔን ከሰውየው ሳልነቅል።

«አዎ፣ ቆመችና የልጆቿን ስም አንድ በአንድ ትጠራ ጀመር። ሸለምጥማጡ 'በልቻቸዋለሁ እኮ፤ ምን ትጣሪያለሽ?' ቢላት፣ 'ሆድህ ውስጥ አይደሉ? ደህና አድረው እንደሆን ልጠይቃቸው ነው' አለችው። ለአደን ሲወጣ ስም እየጠራች ትከተለዋለች። ድምፅዋን የሰማ ዶሮ ሁሉ ይሸሸጋል። እንቅልፍም ምግብም አጣ፣ ከሳ፣ አጥንቱ ቀረ። ሳትነክሰው፣ ሳትቧጭረው ገደለችው።»

ሰውየው የገመሰውን ዋፍል ሳህኑ ላይ መለሰው። ማሩ በጣቶቹ መሐል ይወርድ ነበር።

«ለመሆኑ» አለችው እቴቴ፣ አንቱታውን ጥላ፣ «በቅሎዋን የወሰድክባት ሴት ስሟ ማን ነበር?»

እኔን አየኝ፣ እንድረዳው ይመስል። ያን ሁሉ መንገድ መርቷት፣ በቅሎ ላይ ሲያወጣትና ሲያወርዳት ከርሞ፣ የእናቴን ስም አልጠየቀም ነበር።

«አላውቀውም» አለ።

ስሟን ፊቱ ላይ ልጮህበት አፌን ስከፍት እቴቴ ትኩስ ዋፍል አጎረሰችኝ። ምላሴ ተቃጠለ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ግን ዋጥኩት።

«እንግዲያው ስሟን አውቀህ ስትመጣ እንታረቃለን» አለችው። «ለቄሶቹም እንዲሁ ብለህ ንገራቸው። ብርቱካንህን ይዘህ ሂድ።»

እሱ እንደወጣ እቴቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ በዚያ ዝናብ ስሟን ማንም እንዳይነግረው ለማሳሰብ የአገራችንን ሰው ቤት ለቤት ዞረች። ሰንበት ሳይገባ ሁሉም ሰምቶ ነበር። ደምሴ የጠየቀው ሰው ሁሉ «እኔ ምን አውቄ፤ ብሬን ጠይቃት» ይለዋል። ሰርግ ቤት፣ ገበያ፣ አውቶቡስ ማቆሚያ ሲያገኙት ደግሞ «እህ፣ አወቅከው?» ይሉታል። ፋሲካ ሳይደርስ ከፔታ ቲክቫ ለቆ ሄደ። እኔ በደስታ ጨፈርኩ።

አባቴ ግን አልተደሰተም። የዚያን ዕለት ከእንቅልፉ ነቅቶ ነገሩን ሲሰማ ባዶ እግሩን ወደ መንገዱ ሮጠ፤ ማንንም አላገኘም። በዝናብ ርሶ ተመለሰና እህቱ ፊት ቆመ።

«ቂሜን ማን ውሰጂልኝ አለሽ?»

«አንተ እስር ቤት ብትገባ ይችን ልጅ ማን ያሳድጋታል?» አለችው፣ ብረቱን እያጠበች። ክረምቱ እስኪያልቅ አላናገራትም።

ዓመታት አለፉ፤ እቴቴም አባቴም አረፉ። አንድ ቀን ልጄ ጉሮሮዋን አሟት ክሊኒክ ወረፋ ስንጠብቅ፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ከጎኔ ተቀመጠ። ረጅም ጊዜ አተኩሮ አየኝ።

«አንቺ የብሬ ወንድም ልጅ አይደለሽም?» አለኝ። «መልክሽ ቁርጥ እሷን ነው። ልጄ፣ በፈጠረሽ፣ የእናትሽን ስም ንገሪኝ። ይዤው ልሙት።»

ደምሴ ነበር። ይቅርታ ከቂም እንደሚሻል ለልጄ ስንቴ ነግሬያታለሁ፤ አምኜበትም ነው የነገርኳት። ያኔ ወጥ ቤት ውስጥ የዋጥኩት ስም ግን ከጉሮሮዬ አልወጣም። ስለ ግራሯ አሰብኩ፤ ዛሬ ብፈልጋት የማላገኛት ግራር።

ነርሷ የእኛን ቁጥር ጠራች። ልጄ መስኮቱ ጋ ቆማ ዝናቡን ታያለች። የሰየምኳት በእናቴ ስም ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ከተቀመጥኩበት እጠራት ነበር። ተነስቼ ሄድኩና፣ ስሟን ሳልጠራ እጇን ይዣት ገባሁ።