የበረከትን ምግብ ለእህቷ ሰጠሁ

ቅዱሳን፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዛሬ ወደ ቤቴ ብመለስ እንቅልፍ አይወስደኝም። ዝናሽ እባላለሁ፤ የቁንዝላ ልጅ ነኝ። ምስክርነቴ አያኮራም፤ ታገሡኝ።

ከትልቋ ልጄ በኋላ መንታ ወለድሁ፤ ወንድና ሴት። ባለቤቴ ጣና ላይ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ዓሣው ሲጠፋ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሄደ፤ በዚያው ድምፁ ጠፋ። ሦስት ልጆች ይዤ ባሕር ዳር ገባሁ፤ የሰው ልብስ እያጠብሁ ኖርሁ። ጡቴ ነጠፈ። ወንዱ ልጄ በስድስት ወሩ እቅፌ ውስጥ ሞተ። ወገኖቼ፣ እንባ እንኳ እምቢ አለኝ! ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሳይ እውል ነበር።

ሴቷን፣ በረከትን፣ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ክንዷን ሲለኩት መለኪያው ቀዩ ላይ ቆመ፤ «በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድታለች» አሉኝ። በፓኬት የታሸገ አልሚ ምግብ ሰጡኝ። ቤት ስገባ ግን «ይችም መሄዷ ነው፤ ለምትኖረው ልስጥ» አልሁ። ቀድጄ ለትልቋ ልጄ፣ ለትዕግስት፣ ሰጠኋት። ቀመሰችና «እማዬ፣ ይሄ የበረከት አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

«ዝም ብለሽ ብይ!» ብዬ ጮኽሁባት።

ኃጢአቴ ይኸ ነው። ጌታ ይቅር ብሎኛል፤ እኔ ግን የትዕግስትን ዓይን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በሳምንቱ ጤና ጣቢያ በረከት ስትመዘን ቀንሳለች። ሲስተሯ «ትበላለች?» አለችኝ። «አዎ» አልኋት። ትቆጣኛለች ስል ጠጋ ብላ «አንቺስ ዝናሽ? ምን በላሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል?» አለችኝ። ልጄን ከቀበርሁ ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሃሌ ሉያ! የዘገየው ልቅሶ ያን ጊዜ መጣ። ሁሉንም ነገርኋት።

«ጨካኝ ሆነሽ አይደለም፤ ታመሻል» አለችኝ። ለእኔም አልሚ ዱቄት አዘዘችልኝ፤ ረቡዕ ረቡዕ ከሚሰበሰቡት እናቶች ጋር ቀላቀለችኝ። እዚያ ገንፎ አብረን እናገነፋለን፣ የልጆቻችንን ዓይን እያየን እናጎርሳለን፣ የሆዳችንን እናወራለን።

የልጅ ልጃቸውን ይዘው የሚመጡት እትዬ ጥሩነሽ፣ ይኸው እዚህ አሉ፣ «ነይ ልጄ፣ እኔም ቀብሬያለሁ» ብለው ወደዚህ ቤት አመጡኝ። ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ እኔ ተስፋ የቆረጥሁባትን አንተ አልቆረጥህባትም» አልሁት። ክብር ለስሙ ይሁን!

ከወራት በኋላ አንድ ረቡዕ ሳጎርሳት፣ በረከት ማንኪያውን ቀማችኝና ወደ እኔ አፍ አዞረችው። ግማሹ አገጬ ላይ ፈሰሰ። ልጄ አጎረሰችኝ፣ ወገኖቼ!

ወንዱ ልጄ ለምን እንደሄደ አላውቅም። ዛሬም እያለቀስሁ ጌታን እጠይቀዋለሁ። በረከት ግን ይችውና፣ ትዕግስት አዝላታለች።

እኅቴ፣ ልጅሽን አቅፈሽ ልብሽ የሞተብሽ ካለሽ፣ በጌታ ታመኚ፤ ጤና ጣቢያም ሂጂ። «ምን በላሽ?» ሲሉሽ አትዋሺ። ጌታ ይባረክ፤ እኔ ዛሬ በልቼ ነው የመጣሁ።