ፍሪሲዮኑ ያስከበራቸው በዓላት

ነገሩ የሆነው በ2012 ዓ.ም. በኅዳር ወር ነው። የማልረሳው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የእናቴ ዓይን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ የጸለይሁት ጸሎት በአንድ ሳምንት ውስጥ መሰማቱ ነው። የተሰማው ግን እኔ በለመንሁት መንገድ አልነበረም።

ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ በዓል ግን አያከብርም። በሚካኤል ቆርቆሮ ይመታል፣ በማርያም አጥር ያጥራል። «አምላክ ሰነፍ አይወድም» ይለኛል። እኔም ክርክር ስለማልወድ ልብ እንዲሰጠው እጸልያለሁ።

የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ነው። እሱ ኮሌጅ ያስተምራል። የሚያስተምረውም የዕቅድ አወጣጥ ነው።

በዚያ ኅዳር አሮጌዋ መኪናችን ሞተሯ እየጮኸ እሷ አልሄድ አለች። የተቃጠለ ነገርም ትሸት ነበር። የሰፈራችን መካኒክ ይልቃል ነድቶ አያትና «ፍሪሲዮኑ አልቋል። ቮላኖውም ሳይጎዳ አይቀርም፣ አብሮ ቢቀየር ይሻላል» አለ። ቮላኖ ማለት ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ከባድ ክብ ብረት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ አሮጌው ሳምንቱን ሙሉ በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ ነበርና።

ባለቤቴ ቮላኖ የሚለውን ቃል ሲሰማ ተቆጣ። «አንተ ውሸታም! ሰው አንድ ዕቃ ሲጠይቅህ ሁለት ትላለህ!» አለው፤ ያውም በሰው ፊት። መኪናዋንም ይዞ ወጣ። «እኔው ራሴ እቀይረዋለሁ» አለኝ። ስልኩ ላይ ቪዲዮ አይቷል። ዕቅዱን በሠንጠረዥ ሠርቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ረቡዕ ማውረድ፣ ሐሙስ መግጠም፣ ዓርብ ሙከራ።

መኪናዋ የግድ ታስፈልገን ነበር። እናቴ የምትኖረው ከሐሙሲት ገባ ብሎ ገጠር ነው። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸዋል። ባሕር ዳር ለጥቂት ቀን ብቻ የሚመጡ የዓይን ሐኪሞች መኖራቸውን ሰምተን አስመዘገብናትና ለሚቀጥለው ረቡዕ ጧት ተቀጠረች። ያ ቀን ካለፈ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ አልነበረም። ጉልበቷ ስለማይችል መኪና ደጇ ድረስ መግባት አለበት።

ረቡዕ ዕለት መኪናዋን በክሪክ አነሣት፤ ግንድ ደገፈላትና ፍሪሲዮኑን የሸፈነውን የማርሽ ሳጥን፣ ካምቢዮውን፣ አወረደ። እውነቱን ለመናገር ኮራሁበት። ቮላኖውን ሲያየው ግን ቁልፉን አስቀመጠ። የብረቱ ፊት በቃጠሎ ጠቁሮ ተሰነጣጥቋል። ይልቃል ልክ ነበር። ባለቤቴ ለማንም ሳይናገር በብስክሌት ወጣና አዲስ ቮላኖ ገዝቶ ተመለሰ። በጨርቅ ጠቅልሎ ነው ያስገባው፣ እንደ ተሰረቀ ዕቃ።

ሐሙስ ቮላኖውንም ፍሪሲዮኑንም ገጠመ። ካምቢዮውን ሊመልስ ሲል ግን አልገባ አለው። ሦስት ጎረቤቶች መጡ። አንዱ «ግፋው» አለ። አንዱ «ኧረ እንዳትገፋው!» አለ። ሦስተኛው የራሱን መኪና ታሪክ ነገረን። እስኪመሽ ድረስ አራት ወንዶች ከመኪና ሥር ተኝተው ካምቢዮውን እንደ ሕፃን አቅፈውት ቆዩ። ካምቢዮው አልገባም።

ዓርብ ጧት ባለቤቴ ተነሥቶ ልብሱን ለበሰና ተቀመጠ።

«አትጀምርም?» አልሁት።

«ዛሬ? በኅዳር ሚካኤል? በዚህ ቀን ብረት ይነካል እንዴ?»

ደንግጬ ሥዕሉ ፊት ቆምሁ። ተመስገን አልሁ። ሃያ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው።

ቅዳሜ «ቀዳሚት ሰንበት ናት» አለ። እሑድ መቼም እሑድ ነው። ሰኞ የግድግዳውን የበዓላት መቁጠሪያ አውርዶ በጣቱ እየጠቆመ «ቂርቆስ ነው፤ ደግሞ የነቢያት ጾምም ዛሬ ገባ» አለኝ። ያን ጊዜ ጠረጠርሁ። በየወሩ ቂርቆስ እኔ እንኳ ልብስ አጥባለሁ።

«ኮንትራት መኪና እንያዝ» አልሁት።

«መኪና ያለው ሰው አማቱን በሰው መኪና ያመጣል?»

«እኛ ያለን መኪና አይደለም፤ መለዋወጫ ነው።»

«በበዓል ቀን ጠብ አይገባም» አለኝ።

ማክሰኞ ኪዳነ ምሕረት ነበረች። ነጠላውን አጣፍቶ ቀድሞኝ ከበር ቆመ። ሐይቁ ዳር ወዳለው ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ግድግዳውን ስንሳለም እሱ ግንባሩን አስደግፎ ቆየ። ጠጋ ስል ሰማሁት። «እመቤቴ፣ ምንም ሌላ አልጠይቅሽም። ካምቢዮውን ብቻ አስገቢልኝ።»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ሰውዬው በዓል አላከበረም፤ አፍሮ ነው። የሰደበውን ሰው መለመን ከብዶት ከቅዱሳን ሥር ተደብቋል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሳንወጣ ይልቃልን ዛፍ ሥር አየሁት። በየወሩ ኪዳነ ምሕረት ጋራዡን ይዘጋል። ባለቤቴም አየውና አሁን የተሳለመውን ግድግዳ እንደገና ሊሳለም በወዲያ በኩል ዞረ።

«ይልቃል፣ እንዴት አደርህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ። መኪናዋስ?»

«ካምቢዮው አልገባ ብሏል። እናቴ ነገ ጧት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አላት። ዓይኗ ነው።»

መሬት መሬት አየ። «ዛሬ እንኳ ብረት አልነካም ነበር» አለ። ቆይቶ «ቮላኖውስ?» አለኝ።

«ቀየረው።»

«አሃ።» አለና ነጠላውን አስተካከለ። «ልብሴን ለውጬ እመጣለሁ። የእናት ዓይን ነው፤ እመቤታችን ታውቃለች።»

ቤታችን እንደ ደረሰ ከመኪናው ሥር ገብቶ በባትሪ አየና ወጣ። «የፍሪሲዮኑ ዲስክ መሐሉ ላይ አልተቀመጠም። ከዕቃው ጋር አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ዘንግ አልመጣም ነበር? ዲስኩን መሐል የሚያስይዘው እሱ ነው።»

ባለቤቴ አላየሁም አለ። እኔ ግን አይቻለሁ። ካርቶኑ ውስጥ ወድቆ አግኝቼው ጥሩ ውታፍ ነው ብዬ የኑግ ዘይት ጀሪካኔን ደፍኜበታለሁ። ሄጄ ነቅዬ፣ አጥቤ አመጣሁላቸው። ቪዲዮው ላይ ያን ክፍል ባለቤቴ «ወሬ አበዛ» ብሎ አሳልፎት ኖሯል።

ይልቃል ፍሪሲዮኑን አላልቶ ዲስኩን በዘንጉ አስተካከለና አጠበቀው። ባለቤቴ ቁልፍ አቀባይ ሆነ። ሁለቱ ሆነው ካምቢዮውን አነሡት። ገባ። አምስት ቀን በዓል ያስከበረን ካምቢዮ ሳይንገራገጭ ገባ።

«መምህር፣ ይኼ ዘንግ እኮ ማሸጊያ ነው የሚመስለው» አለ ይልቃል እጁን በናፍጣ እየታጠበ። «እኔም ስንት ጊዜ ጥዬዋለሁ።»

መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ዘንጉ ሆኖ! ባለቤቴ ውሸታም ያለው ሰው ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የዋሸውም ለባለቤቴ ሲል ነው።

«ይልቃል፣ ያን ዕለት እኮ እኔ...» አለ ባለቤቴ።

«የትኛውን ዕለት?» አለ ይልቃል፤ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ረቡዕ ገና ሳይነጋ የአባይን ድልድይ ተሻግረን እናቴን ከደጇ አነሣናት። በሰዓቱ ደረስን። አንዱ ዓይኗ ተሠራ። ማታ ጎረቤቶች ሊጠይቋት መጡ። ባለቤቴም እናቴ አጠገብ ተቀምጦ ቮላኖ እንዴት እንደሚቀየር አስረዳቸው። «ይልቃልም ትንሽ አግዞኛል» አላቸው። እኔ ዳቦ ቆረስሁ።

ዛሬ ሳስበው አላዝንም። እናቴ ሁለተኛውንም ዓይኗን ተሠርታ የሚመጣውን ሰው በድምፁ ሳይሆን በፊቱ ትለየዋለች። ባለቤቴ አሁንም በማርያም አጥር ያጥራል። ኪዳነ ምሕረትን ግን ማንም ሳያስታውሰው ያከብራል። እግዚአብሔር ሰውን በፈለገው በኩል ይጠራል፤ የኔን ባል በካምቢዮ በኩል ጠራው። ተመስገን።

እናቴ ዓይኗን በተሠራች በማግስቱ ጧት በሩ ተንኳኳ። ማታ ከጠያቂዎቹ መካከል የነበረ ጎረቤታችን ነው። ፒክአፑን በራችን ላይ አቁሟታል።

«መምህር አሉ? የኔም ፍሪሲዮን መንሸራተት ጀምሯል። ማታ ሲያስረዱን ጊዜ እሳቸው ቢያዩልኝ ብዬ...»

ባለቤቴ ጓሮ ፊቱን እየታጠበ ነበር። የውኃው ድምፅ ሳይቆም የይልቃልን ጋራዥ በጣቴ አሳየሁትና በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁ። የእናቴ ዓይን ፋሻ የሚፈታው ያን ቀን ነበርና ገብቼ ነጠላዋን አለበስኋት።