ሰኞ ጠዋት የጠፋው ድምፅ

በመሥሪያ ቤቱ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ «ዘበኛው» ነው የሚሉት። በር ላይ ስለሚቆም አይደለም። ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የሁለት መቶ አርባ ኮምፒውተሮችን ብሮውዘር፣ ማለትም የኢንተርኔት መክፈቻ፣ የሚቆጣጠረው እሱ ስለሆነ ነው። የትኛው ገጽ እንደሚከፈት፣ የትኛው እንደሚዘጋ፣ ፓስወርድ ይቀመጥ አይቀመጥ፣ ሁሉንም የሚወስነው ከአንዲት ኮምፒውተር ላይ ነው። እሱ አንዴ ከተጫነ አምስቱም ፎቅ ይታዘዛል። «አንተ ካልፈቀድክማ የሰማዩም በር አይከፈትልን» እያሉ ይቀልዱበታል።

ለዚህ ያበቁት የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናቸው። በሃያ ዓመቱ ፋይል ተሸካሚ ሆኖ ሲቀጠር ኮምፒውተር በእጁ ነክቶ አያውቅም ነበር። በምሳ ሰዓት ወንበራቸውን እየለቀቁ መጻፍ አስተማሩት። «ጣትህ እንደ ዶሮ ይጭራል እንዴ? ቀስ በል እንጂ!» ይሉት ነበር። ይህ ነገር በሆነበት ጊዜ እሱ አርባን ተሻግሮ፣ እሳቸው ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ቀርቷቸው ነበር። ያኔም አሁንም «እትዬ» ነው የሚላቸው።

እትዬ አንድ ልጅ ብቻ ነበረቻቸው፤ እሷንም ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በሽታ ነጠቃቸው። በቀብሯ ቀን እናትየዋን ደግፎ የቆመው ዘበኛው ነበር።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ከሥራ ባልደረባው ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ፓስወርድ አግኝቶ በሰውየው ስም የስድብ ደብዳቤ ላከ። አለቆች ተቆጡ። ብሮውዘር በተዘጋ ቁጥር ፓስወርዱም፣ ተከፍቶ የቆየው ገጽም እንዲጠፋ ትእዛዝ ወጣ። ዘበኛው ማስታወቂያ ጻፈ፣ በየፎቁ ለጠፈ፤ ዓርብ ከሰዓት ትእዛዙን ለሁሉም ኮምፒውተር ለቀቀው።

ሰኞ ጠዋት ስልኩ ጆሮውን በላው። ሁሉም ፓስወርድ ረስቷል፤ ሁሉም ይጮኻል። «ሳምንት ይጮኹና ይለምዱታል» ብሎ ለራሱ ሳቀ። አራት ሰዓት ግድም በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ወደ ምድር ቤት ወርደው አያውቁም።

«ልጄ፣ ያ ገጽ እምቢ አለኝ። ፓስወርድ አምጪ ይለኛል።»

«የትኛው ገጽ፣ እትዬ?»

«የልጅቷ።»

ልጅቷ ሬዲዮ ላይ ዜና አንባቢ የመሆን ሕልም ነበራት። ጋዜጣ እያነበበች ድምፅዋን ትቀዳና ወደ ራሷ ኢሜይል ትልከው ነበር። ከመታመሟ በፊት አንድ ቀን እናቷ ቢሮ መጥታ በእሳቸው ኮምፒውተር ኢሜይሏን ከፈተች፤ ሳትዘጋውም ሄደች። ስልኳ በሆስፒታሉ ግርግር ጠፋ። የቀረው እዚያ ኮምፒውተር ላይ የተከፈተው ገጽ ብቻ ነበር፤ ሃያ ስድስት የድምፅ ቅጂ። እትዬ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰው ቀድመው እየገቡ፣ በየማለዳው አንዷን ይሰሙ ነበር። ቃል ሲያደናቅፋት ትስቃለች፤ እትዬ ከሁሉ የሚወዱት ያንን ሳቅ ነበር።

ዘበኛው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። የልደት ቀኗን ሞከረ፤ የቤት ስሟን ሞከረ። ከስድስተኛው ሙከራ በኋላ ገጹ ጭራሽ ተቆለፈ። መክፈቻ ቁጥር የሚላክበት ስልክ ከተዘጋ ቆይቷል። ግንባሩን በመዳፉ ያዘ።

«ምነው ሳይነግሩኝ፣ እትዬ? ለሥራ አስኪያጁ እንኳ ኳስ የሚያይበትን ገጽ ከፍቼለት የለም እንዴ! ለእርስዎ እምቢ እል ነበር?»

«የግል ነገር በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ክልክል ነው ብለህ ጽፈህ የለ? በእኔ ምክንያት አንተን ሰው እንዳያማህ ብዬ ነው።»



ዘበኛው ለኢሜይሉ ኩባንያ ጻፈ። የሞት ምስክር ወረቀቷን አያይዞ ደግሞ ጻፈ። ከአምስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፦ ቤተሰብ ከጠየቀ ገጹን እንዘጋዋለን፤ ልንከፍተው ግን አንችልም። ደብዳቤውን ለእትዬ ሲያነብላቸው «እንዳይዘጉት በላቸው» አሉ፤ «ባይከፈትም እዚያው ትቀመጥ።»

ሚስቱ «ሆን ብለህ አላደረግከው! ምን በወጣህ ራስህን ትወቅሳለህ?» ትለዋለች። እሱ ግን ያቺን ዓርብ ከሰዓት አይረሳትም። ትእዛዙን ለቅቆ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ እያፏጨ ነበር ወደ ቤቱ የሄደው።

አሁን አንዲት ነገር ከመለወጡ በፊት አምስቱንም ፎቅ በእግሩ ይዞራል። «ኮምፒውተርህ ላይ እንዳይጠፋብህ የምትፈልገው ነገር አለ?» እያለ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይጠይቃል። አራት ቀን ይፈጅበታል። አለቃው ሥራ ፈታህ ይለዋል፤ ወጣቶቹም «ዘበኛው ፍተሻ ጀመረ» ብለው ይስቁበታል። እስካሁን ግን አንድም ሰው አዎ ብሎት አያውቅም።

እትዬ ጡረታ ወጡ። በየሳምንቱ እሑድ እየሄደ ይጠይቃቸዋል። ባለፈው ጊዜ ጋዜጣ ይዘው ጮክ ብለው ሲያነቡ ደረሰ። ሲያዩት ጋዜጣውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ልጅቷ እንዴት ታነብ እንደነበር ላስታውስ ብዬ ነበር» አሉት። «ግን የእኔው ድምፅ ነው የሚመጣብኝ።»